አንድ አውራ ጣት ትርፍ

አክስቴን ገለባ ናት ብዬ በደብዳቤ ያሳወቅኋት እኔ ነኝ።

በእርግጥ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው «ዘር» የሚል ነው። ቃሉን ለመምረጥ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በክልሉ የሰው ኃይል ልማት ቢሮ የዕድሜ እርከን ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ ሠራተኛውን ሁሉ በአራት መክፈል ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በታች ያሉት ቡቃያ፣ እስከ አርባ አበባ፣ እስከ ሃምሳ አምስት ፍሬ። ከዚያ በላይ ያሉት ልምዳቸውን ለተተኪው የሚዘሩ ስለሆኑ ዘር። ኃላፊዬ ወረቀቱን አንብበው «ግሩም ነው፤ ግጥም ይመስላል» አሉኝ። በቢሯችን ሥር ያለው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ግጥም አይወዱም መሰለኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ አራተኛውን እርከን «ገለባ» አሉት። ስሙ እንደዚያው ቀረ።

ጡረታ በስድሳ ነው። የእኔ መርሐ ግብር ግን ሃምሳ አምስት የሞላውን ሰው ከማሽኑ አንሥቶ «የሽኝት ዝግጅት» የሚባል ሥልጠና ያስገባዋል። ሰው ለመሰናበት አምስት ዓመት ሙሉ ይዘጋጃል ማለት ነው። ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አይዘጋጅም።

አክስቴ ሃምሳ አምስት የሞላት ማክሰኞ ነው። ደብዳቤውም የደረሳት ማክሰኞ ነው። ቢሯችን ሌላ ነገር ያዘገያል እንጂ እንዲህ ያለውን አያዘገይም።

ችግሩ የምንኖረው አንድ ቤት መሆኑ ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ ዩኒቨርሲቲ የላከችኝ፣ ዛሬም ድረስ ክፍሏ ከክፍሌ በአንድ ግድግዳ የሚለይ እሷው ናት። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ምሳ ላይ ተቀምጠናል። ባሏ፣ አጎቴ የምለው፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በመካከላችን አለ።

«ለባለሙያዋ ንገራት» አለችው፣ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የቆምኩበትን ጠረጴዛ በአንድ ቁራጭ ወረቀት አላስረክብም በልልኝ።»

አጎቴ ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «አላስረክብም ትላለች።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ ትላለች።»

«መስማቷንማ መች አጣሁት! ጆሮዋን ሳጸዳ የኖርኩ እኔ አይደለሁ?»

አጎቴ ትንሽ አሰበና «ይሄንንም ላስተላልፈው?» ሲል ጠየቀ።

«ደንብ ነው በላት» አልኩ እኔ። «ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ነው። ዘመድ ብዬ ብተዋት ነገ ምን ይሉኛል?»

«ምን ይሉኛል ነው ለካ!» አለች አክስቴ፣ ጣሪያውን እያየች። «ገለባ ስታደርገኝ ምን ይሉኛል አላለችም።»

«ዘር!» ብዬ ጮህኩ።

«ዘር ነው የሚባለው ትላለች» አለ አጎቴ፣ ምግቡ ቀዝቅዞበት።

አክስቴ ቆራጭ ናት። ፋብሪካው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም «እትዬ መቀስ» ይላታል። አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ አላት። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ስድሳ አንድ የካርቶን ንድፎች በምስማር ተንጠልጥለዋል፤ የኮት እጅጌ፣ የኮት ጀርባ፣ የሱሪ ጭን፣ የሐኪም ጋውን፣ የተማሪ ቀሚስ። ጨርቁን ትዘረጋለች፣ ካርቶኑን ታስቀምጣለች፣ ግራ እጇን ከካርቶኑ ጠርዝ ጋር አጋድማ ጠመኔውን በእጇ ዳር ታስኬደዋለች፣ ከዚያ ትቆርጣለች። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ሺ ጊዜ ዐይቻታለሁ። ማየትና ማስተዋል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም።

የእኔ መርሐ ግብር የሚኮራበት ነገር «የዕውቀት ሽግግር» ነው። ዘር የሆነ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ ለተተኪው ያስረክባል፤ ርክክቡ ሃያ ሁለት ጥያቄ ባለው ቅጽ ይረጋገጣል። የአክስቴ ተተኪ የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያ ነው፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ አበባ። ሠራተኞቹ በሁለተኛው ቀን «ሚሊሜትር» አሉት፣ ምክንያቱም ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ርቀቱን የሚለካ ይመስላል። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እያስገባ ሦስት ሳምንት ከአክስቴ ጎን ቆመ።

«ይሄ ጠረጴዛ በዚህ በኩል ስምንት ሚሊሜትር ያዘነብላል» አላት በመጀመሪያው ቀን።

«አንተም ታዘነብላለህ፤ የነገረህ ሰው ስለሌለ ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ስለ ጠረጴዛው አላነሣም።

በሃያ አንደኛው ቀን ቅጹን ይዤ ሄድኩ። ያቺን ቀን አልረሳትም። ዓመታዊው የሰው ኃይል ጉባኤ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። በጉባኤው ላይ ሁለት መቶ አርባ የየእርከኑ ተወካዮች ፋብሪካው የሰፋላቸውን ኮት ለብሰው መድረክ ይወጣሉ፣ ኃላፊዬም «የዕውቀት ሽግግር መቶ በመቶ ተጠናቋል» የሚል ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩን ጽፌ ጨርሻለሁ። መቶ በመቶ ከሆነ የመምሪያው ኃላፊነት የእኔ ነው፤ ይህንንም በቃል አረጋግጠውልኛል።

ቅጹን ራሴ ሞላሁት፣ ጊዜ ለመቆጠብ። ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት በአንድ ትንፋሽ። ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ «በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ በእጅ ወይም በዓይን ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት አለ? አለ፣ የለም።» አለ ከተባለ ሦስት ገጽ አባሪ ይሞላል፣ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ዘጠና ቀን አለው። ይህንን የደነገግኩት እኔ ነኝ፤ ስጽፈው ማንም አለ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

አክስቴ ሁለት እርምጃ ርቃ ጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። እጇ ቆመ።

«አልጠየቅሽኝም» አለችኝ። በቀጥታ፣ ያለ አጎቴ።

«ጊዜ የለም፣ አክስቴ። ፈርሚና እንለያይ።»

ብዕሩን ተቀበለችኝና ሳታነብ ፈረመች። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። አክስቴ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ አንብባ ነው የምትጥለው።

በማግስቱ ሚሊሜትር ቢሮዬ መጣ። «አንድ ነገር ላረጋግጥ» አለ። «የስፌት ትርፉ ካርቶኖቹ ውስጥ አለ? ማለቴ፣ ሲሰፋ ወደ ውስጥ የሚገባው ጠርዝ።»

ጥያቄው የሚገባው ለአክስቴ እንጂ ለእኔ አይደለም። ግን ወደ አክስቴ መመለስ ማለት ወደ ጥያቄ አሥራ አራት መመለስ ማለት ነው።

«ሁሉም ተካቷል» አልኩት። «ተፈርሟል።»

እሱ ፊርማ የሚያከብር ሰው ነው። መቁረጫ ማሽኑን አስነሣ።

አክስቴ ሥልጠና ገባች። ሥልጠናው የሚሰጠው ከቢሯችን ሕንፃ ምድር ቤት፣ የፕላስቲክ ወንበር በሞላበት አዳራሽ ነው። አሠልጣኟ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ ቡቃያ። ርዕሱ «ከሥራ በኋላ ያለውን ሕይወት መውደድ» ይሰኛል። ሁሉም ሰው አንዳንድ የፕላስቲክ ኩባያ አፈርና ሁለት የባቄላ ፍሬ ተሰጥቶታል። አጎቴም «የቀድሞ ዘር» ተብሎ ልምዱን እንዲያካፍል ተጠርቶ ጎኗ ይቀመጣል።

«አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ነፍሳችሁን አዳምጡ» ስትል ሰማኋት አሠልጣኟን፣ በበሩ ሳልፍ።

«ምን ትላለች?» አለች አክስቴ።

«ነፍስሽን አዳምጪ ነው የምትለው» አለ አጎቴ።

«ነፍሴን ነው የምልህ። ምን እንደምትል ንገረኝ፤ በጡረታ የቀደምከኝ አንተ ነህ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አሠልጣኟ ስሟን መዝግባ «ለመላመድ ተቃውሞ ታሳያለች» ብላ ሪፖርት ላከችልኝ። ሪፖርቱን ፋይል አደረግሁት።

ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው ኃላፊዬ ኮታቸውን ሊለኩ ፋብሪካ መጡ። የማጠናቀቂያ ክፍሉ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ኮቶች በአራት ቀለም ተሰቅለዋል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ኃላፊዬ የሚለብሱት ግራጫውን ነው፣ የፍሬን። ቀኝ እጃቸውን አስገቡ። ግራውን አስገቡ። ከዚያ ሁለቱም እጆቻቸው ወደ ፊት ተዘርግተው ቀሩ፣ የሚገፋ ጋሪ የያዙ ይመስል።

ቀና ብለው አዩን።

«እኔ ነኝ የወፈርኩት» አሉ በቀስታ፣ «ወይስ ኮቱ ነው የቀጨጨው?»

እጃቸውን ሊያጥፉ ሞከሩ፤ ከጀርባቸው አንድ ነገር ተተረተረ። ልብስ ተኳሹ ሠራተኛ ካውያውን አስቀምጦ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን ጎተትንላቸው። ልብሱ ሲወልቅ ልጅ ከጠባብ ሹራብ ሲወጣ እንደሚሆነው ፀጉራቸው ቆመ። ተኳሹን አልብሱት አሉ፤ ተኳሹ እንደ እንጨት የቀጠነ ሰው ነው። እሱም ጋሪ ገፋ።

ሚሊሜትር ሜትሩን አውጥቶ ለካ፣ ደገመ፣ ከዚያ እኔን እያየ ተናገረ። «እያንዳንዱ ጠርዝ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ጎድሎታል። ሁሉም ላይ ያው ነው። እኔ ጠይቄሻለሁ።»

ከሰፊዎቹ አንዷ፣ ማሽኗን ሳታጠፋ፣ «እትዬ መቀስ አንድ አውራ ጣት ትለቅ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ካርቶኑ የሰውዬው ልክ ነው፤ ትርፍ የለውም። እሷ አውራ ጣቷን ከካርቶኑ ጎን አጋድማ ከጣቷ ውጪ ነው የምታሰምረው። እኛም ስንሰፋ አንድ አውራ ጣት ወደ ውስጥ እንገባለን። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። አሁንም እንደ ልማዳችን ገባን።»

«ታውቁ ነበር?» አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ። «ሁለት መቶ አርባ ኮት ስትሰፉ ታውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው እጅጌ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

በጣቷ ግድግዳውን አሳየችኝ። የለጠፍኩት ማስታወቂያ አለ፣ ከነማኅተሙ። «ማንኛውም አስተያየት በእርከን ተወካይ በኩል ብቻ ይቀርባል።»

«የእናንተ ተወካይ ማን ነው?»

«እትዬ መቀስ ነበረች» አለች። «ገለባ አደረግሻትና ሌላ አልተተካልንም።»

ሰፊዎቹ መሳቂያ አደረጉኝ። ኃላፊዬ አልሳቁም። ፀጉራቸው እንደቆመ ወደ እኔ ተጠጉ።

«ስንት ኮት የሚወጣው ጨርቅ ቀርቷል?»

«ዘጠና።»

«ከነገ ወዲያ ጉባኤ ነው። ሴትየዋን አምጪልኝ። እሷን ይዘሽ ካልመጣሽ አንቺም አትምጪ።»

ምድር ቤት ወረድኩ። ሁሉም ኩባያውን ታቅፎ ተቀምጧል። የአክስቴ ባቄላ ከሁሉም በልጦ አድጓል፤ ይሄ ደግሞ ለምን እንዳናደደኝ አላውቅም።

«አክስቴ፣ ትፈለጊያለሽ።»

ወደ አጎቴ ዞረች። «ማን ፈለገኝ በላት።»

«ማን…» ብሎ ጀመረ አጎቴ።

«ኃላፊው» አልኩ። «ኮቶቹ ጠበዋል። ለምን እንደጠበቡ ታውቂያለሽ። እያወቅሽ ፈረምሽ!»

«እያወቅሁ ፈረምኩ በላት። የለም ብላ የጻፈችው እሷ ናት፣ ከእኔ በላይ የምታውቅ የተማረች ሰው ናት፤ የለም ካለች የለም ማለት ነው ብዬ ፈረምኩ በላት።»

«ሁለት መቶ አርባ ኮት ተበላሸ! የመንግሥት ንብረት ነው!»

«እኔስ የማን ንብረት ነበርኩ በላት።»

አጎቴ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠና ተነሣ። «ሃያ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ» አለ። «ድንጋይ ጭኛለሁ፣ ብረት ጭኛለሁ፣ አንዴ ንብ ጭኛለሁ። የሁለታችሁን የሚያህል ጭነት ዐይቼ አላውቅም። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ተነጋገሩ።» ወጥቶ ሄደ።

ያለ አስተላላፊ ፊት ለፊት ቀረን። አዳራሹ ሙሉ ሰው ነፍሱን ማዳመጥ ትቶ እኛን ያዳምጣል።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «ይቅርታ ነው? እሺ፣ ይቅርታ።»

«ይቅርታሽን ለራስሽ አድርጊው። ቅጹን አምጪ። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ፣ በገዛ እጅሽ፣ ሰውየው ፊት፣ አለ ብለሽ ጻፊ።»

መጀመሪያ የመሰለኝ ክብሯን ፈልጋ ነው። ቀጥላ እንዲህ አለች፦

«አንቀጽ ዘጠኝ። በእጅ የሚተላለፍ ዕውቀት ካለ ባለ ዕውቀቱ ሽግግሩ እስኪጠናቀቅ ከሥራ ቦታው አይነሣም።»

ደነገጥኩ። መመሪያው አርባ ስምንት ገጽ ነው። የጻፍኩት እኔ ስሆን ኃላፊዬ የፈረሙበት የመጀመሪያውን ገጽ ዐይተው ነው። እስከ አንቀጽ ዘጠኝ ያነበበ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

«መቼ አነበብሽው?»

«አንቺ ነሽ ቤት ውስጥ ጥለሽው የምትሄጂ። እኔ ዕድሜ ልኬን ያንቺን ወረቀት ስሰበስብ አይደል የኖርኩት?»

ምርጫዬ ግልጽ ነበር። አለ ብዬ ከጻፍኩ ፋይሉ ይከፈታል፣ መቶ በመቶው ይፈርሳል፣ የመምሪያ ኃላፊነቱ ይቀራል። ካልጻፍኩ ከነገ ወዲያ የክልሉ የሰው ኃይል በሙሉ መድረክ ላይ ጋሪ ይገፋል።

ማጠናቀቂያ ክፍሉ ውስጥ፣ በተኳሹ ጠረጴዛ ላይ፣ ኃላፊዬ እያዩኝ የለም የሚለውን ሰርዤ አለ ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ ጨርቁን ዘረጋች፣ በእጇ መዳፍ አንዴ ዳሰሰችው፣ ግራ አውራ ጣቷን ከካርቶኑ ጎን አጋደመች። በአንድ ቀን ተኩል ዘጠና ኮት ቆረጠች። ሰፊዎቹም ከእጇ እየተቀበሉ ሰፉት።

ዘጠናው ኮት ለፍሬና ለዘር ደረሰ። ለቀሩት መቶ ሃምሳዎች ኃላፊዬ ራሳቸው መላ አገኙ፤ ቡቃያና አበባ ኮታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው መድረክ ወጡ። «ወጣቶቻችን ኮቱን በክንዳቸው የያዙት ነገ እንደሚለብሱት በማመን ነው» ብለው ተናገሩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ከንግግሬ የቀረው ይህ ብቻ ነው፣ እሱንም እኔ አልጻፍኩትም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሚሊሜትር ፋይሉን በአንድ ቀን መዝጋት ፈልጎ የአክስቴን አውራ ጣት ለካ፤ ሃያ ሁለት። «በቃ፣ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ብለን እንመዝግብ» አለ። አክስቴ ስስ የገበር ጨርቅ አምጥታ ጣቷን በጎኑ አቁማ አሰመረች። ለካው፤ አሥራ አራት። ሌላ ጨርቅ አመጣች፣ ጣቷን ትንሽ አዘነበለች፤ አሥራ ሰባት።

«የትኛው ነው ትክክለኛው?» አላት፣ ላብ እያጠመቀው።

«እንደ ጨርቁ ነው።»

«ጨርቁ በምን ይታወቃል?»

«ንካው።»

ሚሊሜትር ኮምፒውተሩ ውስጥ «ንካው» የሚል ቦታ ፈለገ። አጣ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ዕውቀቱ ሰው ይፈልጋል» ብሎ አስመዘገበና ወንበሩን ገፋ አድርጎ ወጣ።

ያ ሰው ማን ይሁን ሲባል ሰፊዎቹ የራሳቸው ማሽን አላቸው፣ አዲስ ቅጥር ተከልክሏል። ኃላፊዬ ዞር ብለው አዩኝ። ያን ቀን የተሰጠኝ ደብዳቤ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነበር፣ ለነገሩ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ፋይሉን ያበላሸችው ባለሙያ ሽግግሩ እስኪጠናቀቅ በቆራጭ ክፍል ዕውቀት ተቀባይ ሆና ትመደባለች ይላል።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። ልጅ ሆኜ ከሥሩ ነበር የምቀመጠው፤ ከላይ ሲያዩት ይረዝማል። ሰፊዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል።

«እጅሽን» አለችኝ አክስቴ።

ሰጠኋት። ግራ አውራ ጣቴን ይዛ አገላበጠችው፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚመርጥ ሰው።

«ይሄ ስልክ ሲነካ የኖረ ጣት ነው» አለች። «ሲበዛ ቀጭን ነው። ባለሽ ሥሪ። እጅጌ ቁረጪ።»

አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። አነሣችው፣ ሳትለካው ወደ ውዳቂው ሳጥን ወረወረችው።

«ጠበበ።»

ሁለተኛውን ቆረጥኩ።

«ሰፋ።»

ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑ ሞልቶ ነበር። እኔ ካልቻልኩ ፋይሉ አይዘጋም። ፋይሉ ካልተዘጋ ወደ ቢሮዬ አልመለስም፣ እሷም ከጠረጴዛዋ አትነሣም። ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን፤ መመሪያውን ያነበብን ሁለታችን ብቻ ነን።

«አክስቴ» አልኳት ጠመኔውን አስቀምጬ። «እውነቱን ንገሪኝ። እስክችለው ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አየችኝ።

«ጡረታ በስድሳ ነው» አለችና ሌላ ጨርቅ ዘረጋችልኝ።